ለቅዳሜ ቡናችን ቆርቆሮ አዋጡልን

ደሴ ክረምት ሲገባ ታውቁታላችሁ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጅ ላይ ቁጭ ይላል። አምና ዝናቡ ሲጀምር ከኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ግቢ የመጡ አራት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ሰኞ ገበያ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ጣሪያ ላይ ወጡ። ቆርቆሮ መቀየር ምን አለው ብለው። እማማ ከታች ሆነው በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ "የኔ ዓለም፣ መደራረቢያውን ወደ ነፋሱ አታዙረው፣ ዝናቡን ያስገባብኛል" አሉ። ልጆቹ ሁለት ቆርቆሮ ነቅለው እንደገና መቱ። አንደኛው በኋላ፣ "ይሄን እኮ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ" ሲለኝ ሳቄ መጣ።

ማኅበረሰብን ማገልገል ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሥራ እንደሆነ አዋጅ 1152/2011 ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የአንድ ቀን ችግኝ ተከላና ፎቶ ሆኖ ይቀራል። (እኔም ቲሸርቱን ለብሼ ተነስቻለሁ፣ አልዋሽም።) እኛ የሰፈር ሰዎችና ተማሪዎች የጀመርነው ሌላ ነው፦ ያው ተማሪ፣ ያው ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ።

ሥራው ሲያበቃ ቡና ይፈላል። ደብተርም ይወጣል። አንድ አባት ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አባታቸው ያዩትን አወሩ። የሚጽፈው ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ነበር። አማርኛው ሲያጥረው እሳቸው ቃሉን ቀስ ብለው ይደግሙለታል፣ እሱ ደግሞ በአገሩ ቋንቋ ምን እንደሚባል ይነግራቸዋል። ዛሬ በረካው ላይ ዱዓ ሲደረግ ከሁላችንም ቀድሞ "አሚን" የሚለው እሱ ነው። ፕሮቴስታንት ነው። ወሎ ነዋ!

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ተጨማሪ አምስት ቤት መድረስ እንፈልጋለን። የጎደለን ቆርቆሮ፣ የቆርቆሮ ምስማርና የሞራሌ እንጨት ነው። ከግንባታ የተረፈም ይሆናል፣ ብቻ የዛገ አይሁን። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ለሚመጡት ልጆች የሚኒባስ ሒሳብ አለ። ቡናና ስኳርም ወጪ ነው። እስካሁን እማማ ከራሳቸው ጓዳ ነው የሚያወጡት፣ ይሄ ያሳፍረናል። ድምፅ የሚቀዳ አሮጌ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ካላችሁም አትጣሉት።

ብር የምትሰጡ ከሆነ ቆርቆሮ መሸጫው ድረስ አብራችሁን ኑ፣ ዋጋውን አብረን እንከራከር። ደረሰኙን በየሳምንቱ እማማ በር ላይ እንለጥፋለን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው እማማ ቤት ነን። መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ። ያለን አንድ ነው፣ እሱም የጎረቤት።