ያ አዳራሽ አልሞተም ነበር

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ለንደኑ የካንትሪ ሙዚቃ (የአሜሪካ ገጠር ወለድ ዘፈን) ፌስቲቫል ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አውቶቡስ ላይ በስልኬ፣ ቀጥሎ ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ፣ በመጨረሻም ለእህቴ ጮክ ብዬ። ሦስቱንም ጊዜ ደሜን ያፈላው ያው አንድ ቃል ነው። ዘጋቢያችሁ ፌስቲቫሉ የተካሄደበትን አዳራሽ፣ የኦቱ አሬናን ታዳሚ «የሞተ አዳራሽ» ብሎታል። ዘፋኙ ጊታሩን ይዞ ብቻውን ሲዘፍን ሕዝቡ ጭጭ አለ፤ ስለዚህ እንግሊዞች ካንትሪ አይገባቸውም፤ ባርኔጣና ቦት ጫማ አድርገው የመጡት ለፎቶ ነው፤ ነገሩም ቢዮንሴ ያመጣችው የሰሞኑ ፋሽን ነው። ይህን ሁሉ ከአንድ ዝምታ አወጣው።

እኔ እዚያ ዝምታ ውስጥ ነበርኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ የብስኩቷን ወረቀት ልትከፍት ስትል እናትየው እጇን ያዘቻት፤ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አባቱ እርሻቸውን የሸጡበትን ቀን እያወራ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቁጭ ብሎ የአንድ ሰው አባት እርሻ እንዴት እንደተሸጠ ሲያዳምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘፈኑ አለቀ፤ የመጨረሻው ክር ንዝረት እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ጭብጨባው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ወረደ። ዘጋቢያችሁ ዝምታውን ጽፎ በረዶውን ተወው። ተቀምጦ ከነበረ ሰምቶታል፤ ሰምቶት ከተወው ደግሞ አንባቢያችሁን አታሏል።

ይበልጥ የከፋኝ ይህን የጻፈው የእኛ ልጅ መሆኑ ነው። ፈረንጅ ቢጽፈው ባልገረመኝ። በገና ሲደረደር የሚያጨበጭብ አለ? ትዝታ ሲዘፈን ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ብርሌውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ አይደለም እንዴ የሚያዳምጠው? አዝማሪ ቤት ሌላ ነው፤ እዚያ ግጥም ይቀበላል፣ ይሳቃል፣ ይጨፈራል። ትዝታ ላይ ግን ሰው ዝም የሚለው ግጥሙ ገብቶት፣ የራሱን ነገር አስታውሶት ነው። ይህን ከማናችንም በላይ እኛ እናውቃለን። ታዲያ እኛ ስናደርገው ልብ፣ እነሱ ሲያደርጉት ሬሳ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ምክንያቱን ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አለው። አሜሪካ ውስጥ የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያ በየከተማው አለ። ሰው መኪናውን ባስነሳ ቁጥር የሰሞኑ ዘፈን ይደርሰዋል፤ ኮንሰርት ሲሄድም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ካንትሪ ወዳድ ለብዙ ዓመታት በብሔራዊ ሬዲዮ የሚያገኘው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነበር። ቦብ ሃሪስ በ1999 በቢቢሲ ሬዲዮ 2 ማቅረብ የጀመረውን የሐሙስ ማታ የካንትሪ ዝግጅት እንዳያመልጠኝ ከሥራ መልስ አውቶቡስ ለመያዝ የሮጥኩባቸው ሐሙሶች ብዙ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የቀረውን የምንሞላው አልበም ገዝተን ነው። አልበም የገዛ ሰው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል፤ ዘጠነኛውንም ዘፈን ያውቀዋል። አሜሪካውያኑ ዘፋኞች እዚህ ሲመጡ በሬዲዮ ያልወጣ ዘፈናቸውን አዳራሹ ሁሉ ሲያዜመው ሰምተው ይደነግጣሉ፤ ብዙዎቹም በየቃለ መጠይቃቸው ተናግረውታል። ስለ ዝምታውም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የተጠሉ መስሏቸው እንደነበር፣ በኋላ ግን እየተደመጡ መሆኑ እንደገባቸው ይናገራሉ። ከካንትሪ መዲና ከአሜሪካዋ ናሽቪል የመጣ እንግዳ በአንድ ምሽት የተረዳውን፣ ለንደን የሚኖር ጋዜጠኛ ሦስት ቀን ውሎ ሳይረዳው ወጣ።

«የቢዮንሴ ፋሽን» ለተባለው ግን ትዕግስት የለኝም። ቢዮንሴ በ2024 በካንትሪ ዘፈን እዚህ አገር ቁጥር አንድ ወጥታለች፤ ደስ ብሎኛል፤ እልልም ብያለሁ። ነገር ግን ዘጋቢያችሁ የዘገበው ይህ ፌስቲቫል የተጀመረው በ2013 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ! ይህን ለማወቅ የፌስቲቫሉን ታሪክ አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃ ነበር። እሱንም ተዉት፤ እኔ ታሪኩን የተማርኩት ከሰው ቤት ነው።

ለንደን ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ስማቸውን የማልጠቅሰው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። ሳሎናቸው አንድ ግድግዳ ሙሉ የካንትሪ ዘፋኞች ሸክላ ነበር። ስሊም ዊትማን፣ ጂም ሪቭስ፣ ታሚ ዋይኔት፣ ዶን ዊሊያምስ፣ ቻርሊ ፕራይድ። ገና ሲያወሩ በነበረበት ጊዜ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ስሊም ዊትማን በ1955 በአንድ ዘፈን ለ11 ተከታታይ ሳምንታት የብሪታንያን የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ መርቷል፤ ያንን ክብረ ወሰን ሌላ ዘፋኝ የሰበረው በ1991 ነው። ጂም ሪቭስ በአውሮፕላን አደጋ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በቢትልስ አገር፣ በቢትልስ ዘመን፣ ለአምስት ሳምንት ቁጥር አንድ ሆኗል። የሞተ ሰው! ሕዝቡ ምን ያህል ቢወደው ነው? ታሚ ዋይኔት በ1975፣ ኬኒ ሮጀርስ በ1977 እና እንደገና በ1980 ቁጥር አንድ ወጥተዋል። ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር በ1969 የፋሲካ ሰሞን እዚሁ ለንደን ዌምብሌይ በተጀመረው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የካንትሪ ፌስቲቫል ላይ ተገኝተዋል። ፌስቲቫሉ በየዓመቱ እየተካሄደ እስከ 1991 ዘልቋል። የመግቢያውን ቁራጭ በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ በእጄ ይዤዋለሁ።

በኋላ የመርሳት በሽታው ሲጠናባቸው የእኔን ስም ረሱ። የልጆቻቸውንም ረሱ። አንድ ማለዳ ልብስ አልለብስም ብለው አስቸገሩኝና ሳላስበው የጂም ሪቭስን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ራሳቸው ቀጠሉት፤ እጃቸውንም ወደ ሸሚዙ እጅጌ ሰደዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየዘፈንን ለበስን፣ እየዘፈንን ቁርስ በላን። የምሠራበት ድርጅት ግን የተፈቀደልኝ ሠላሳ ደቂቃ መሆኑን ጠቅሶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ዘፈን በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ እንደሌለም ጽፈውልኛል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ስንኙን ከየት አወቅሽው የሚለኝ ይኖራል። ከጉለሌ ነው! ታላቅ ወንድሜ በፊሊፕስ ቴፑ ጂም ሪቭስንና ኬኒ ሮጀርስን እያጫወተ ነው ያሳደገን። እንግሊዝኛውን ሳንረዳ እናዜመው ነበር፤ ሐዘኑ ግን ይገባን ነበር። አዲስ አበባ በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚያውቀው አልጠራጠርም። በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለአገራችን ረኀብተኞች ተሰብስበው ከዘፈኑት አሜሪካውያን መካከልም ኬኒ ሮጀርስና ዊሊ ኔልሰን ነበሩበት። ስለዚህ አንድ የለንደን መካኒክና አንዲት የጉለሌ ልጅ በአንድ ዘፈን ላይ ቢገናኙ ተአምር አይደለም፤ ሁለቱም በየቤታቸው፣ በየቋንቋቸው፣ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ዘገባው ውስጥ «በሦስቱም ቀናት ከእኛ ወገን አንድም ሰው አላየሁም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ዘጋቢያችሁ እኔን አይቶኛል። ከኖርዝ ግሪንዊች ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ወደ አዳራሹ ስሄድ አንገቴ ላይ ያለውን ነጠላ አይቶ ነው በአማርኛ ያስቆመኝ። «እትዬ፣ እርስዎም ለዚህ ነው የመጡት?» አለኝ። አዎ ልጄ አልኩት። በዚያ የወንዝ ዳር ንፋስ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሜ አወራሁት፤ ስልኩን አፌ ድረስ አስጠግቶ ቀድቶኛል። ስለ ሽማግሌው ነገርኩት፤ ስለ ወንድሜ ቴፕ ነገርኩት፤ ጓደኞቼ ሁለት ሆነው ውስጥ እየጠበቁኝ እንደሆነም ነገርኩት። አንዷ ሆስፒታል ጽዳት ላይ የምትሠራ፣ አንዷ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ያለች፤ ሁለቱም አበሾች፤ ሁለቱም ለቲኬቱ ወራት ያጠራቀሙ። አንድም ቃል አልወጣም። ባይወጣ አልከፋም ነበር፤ ጋዜጠኛ የሰማውን ሁሉ አያትምም። ያዩትን አላየሁም ማለት ግን ሌላ ነው። ሦስታችንን ከአዳራሹ አጠፋንና «የነጭ ሙዚቃ ለነጭ ሰው» የሚለው አንቀጽ እንዲያምር ተደረገ።

አብዛኛው ታዳሚ ነጭ መሆኑን አልክድም፤ ዓይን አለኝ። ነገር ግን የካንትሪው የክር መሣሪያ ባንጆው ራሱ በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት ዕውቀት ልጅ ነው። የዘፈኑ ግማሽ ዘር ደግሞ ከዚሁ ከብሪታንያ የተሻገረ ነው፤ ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከሰሜን አየርላንድ ሄደው አሜሪካ ውስጥ አፓላቺያ ተራሮች ላይ የሰፈሩት ሰዎች አሮጌ የትረካ ዘፈኖቻቸውን ይዘው ሄደዋል። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ ከ1916 እስከ 1918 ያንን ተራራ እየዞረ የሕዝብ ዘፈን ሲሰበስብ የአገሩን ዘፈኖች ነው እዚያ ያገኘው። ስለዚህ ብሪታንያዊ ካንትሪን ሲያዳምጥ የባዕድ ነገር እየሞከረ ነው ማለት ስህተት ነው። ስለ ቻርሊ ፕራይድ ደግሞ ቤልፋስትን ጠይቁ። የሚሲሲፒ የጥጥ ለቃሚ ልጅ፣ ጥቁር ሰው፣ በሰሜን አየርላንድ ግጭት ዘመን ሌሎች ቦምቡን ፈርተው በቀሩበት በ1976 ሄዶ ዘፈነላቸው። የዚያ ከተማ ሰዎች ስሙን የሚያነሱበትን አነሳስ የሰማ ሰው ካንትሪን የነጭ ብቻ አይለውም።

«እንግሊዞች» የሚለውም ቃል ይታረም። ፌስቲቫሉ በዚያው ሰሞን በስኮትላንዷ ግላስጎውና በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስትም ይካሄዳል። ግላስጎው ውስጥ ከ1974 ጀምሮ በናሽቪሉ ዝነኛ የካንትሪ ሬዲዮ ዝግጅት፣ በግራንድ ኦል ኦፕሪ ስም የሚጠራ ክበብ አለ። ለግላስጎው ሰው «እንግሊዝ» ብላችሁ ንገሩትና መልሱን ስሙ።

ዘጋቢያችሁ ትክክል የሆነበት ነገርም አለ፤ አልደብቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣቱ በዝቷል፤ ቢራውም ጫጫታውም እንዲሁ። ዘንድሮ ከኋላዬ የነበሩ ልጆች አንዱን ለስላሳ ዘፈን ሙሉ ሲያወሩ አመሹ፤ ዞሬም ተቆጥቻቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ካንትሪ ወዳድ ነን ለማለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ያፈሩ፣ የአገራቸው ጋዜጦች ሲሳለቁባቸው የኖሩ ሰዎች አሁን ልጆቹን በማየታቸው ደስ ይላቸዋል፤ ዝምታው እንዳይጠፋ ግን ይሰጋሉ። እኔም እሰጋለሁ። ዝምታው የአዳራሹ ሞት አይደለም ስል የምከራከረው ሊያልቅ የሚችል ነገር ስለሆነ ነው። እናንተ ደግሞ ገና ሳያልቅ ቀበራችሁት።

ስለዚህ ሁለት ማረሚያ እጠይቃለሁ። «አንድም ሰው አላየሁም» የሚለው ይሰረዝ፤ በምትኩ ቢያንስ ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች እንደነበሩ፣ አንዷንም ዘጋቢያችሁ በድምፅ እንደቀዳት ይጻፍ። ድምፄ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ካላጠፋው አስደምጡት። «የሞተ አዳራሽ» የሚለውም ይነሳ። ይህን በኢሜይል ከጻፍኩላችሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ «መልእክትዎ ደርሶናል» ከሚል የማሽን መልስ በቀር ምንም አላገኘሁም፤ በይፋ እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው።

ለቀጣዩ መጋቢት ቲኬት ቆርጫለሁ። ዘጋቢያችሁ ቢመጣ ከጎኔ ቦታ ልያዝለት፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ይቀመጥ።

የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ፣
ከደቡብ ለንደን