ሚጣዬ፣ እዚያ ላይ ዝም እንዳትይ

ውድ ልጄ፣

ሻንጣሽን ዘግተሽ ተኝተሻል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሳሎን ቁጭ ብያለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ገርጂ እንደምታውቂው ሌሊትም ጸጥ አይልም። አሁንም አንዱ አውሮፕላን ተነሳ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ድምፅ ስሰማ ትራሴን ጆሮዬ ላይ እደፋ ነበር። ለፓይለትነት ሥልጠና ማለፍሽን ከነገርሽኝ ቀን ወዲህ ግን በተነሳ ቁጥር "በሰላም ግቡ" እላለሁ። ውስጡ ያሉትን አላውቃቸውም። እናት እንዳላቸው ግን አውቃለሁ።

ነገ ማሠልጠኛ ትገቢያለሽ። ልነግርሽ የፈለግኩትን ነገር በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ወደ ስንቅሽ ወሬ ዞርኩ። ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ደስታዬን እወቂልኝ። አባትሽ ለማያውቀው የታክሲ ረዳት ሳይቀር ነግሯል። ጎረቤቱ ካሁኑ "ካፒቴን" ብሎ ይጠራሻል። "ለሴት ልጅ ይከብዳል" ያሉም አልጠፉም። እነሱን ተያቸው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን አንቺ ገና ፊደል እየቆጠርሽ ነበር። መንገዱ ከአንቺ በፊት ተጠርጓል። ስለ መነጽርሽም ስጨነቅ ከርሜ ነበር፤ በመነጽር ተስተካክሎ በደንብ ካየሽ ዓለም አቀፉ ሕግ እንደማይከለክል ሳውቅ ነው እፎይ ያልኩት። የዋሱንም ጉዳይ አጎትሽ ጨርሶታል፣ እሱንም አታስቢ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የሆነውን አይቻለሁ። አጎትሽ "አውሮፕላን ሞተሩ ከጠፋ አለቀ፣ እንደ ድንጋይ ነው ቁልቁል የሚወርደው" አለ። ሲናገር በእጁ ጭምር ነው፣ መዳፉን ከላይ ወደ ረከቦቱ አወረደው። አንቺ ስህተት መሆኑን ታውቂያለሽ። ከሁለት ቀን በፊት ወጥ ቤት ቆመሽ ሽንኩርት ስከትፍ ለእኔ ያስረዳሽኝ ራስሽ ነሽ። ሞተሩ ቢጠፋም ክንፉ አለ፣ አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ ከፍታውን ወደ ርቀት ይመነዝረዋል አልሽኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነዳጁ ያለቀበት ኤርባስ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው 19 ደቂቃ ያህል ተንሳፍፎ አዞርስ ደሴቶች ላይ እንዳረፈ፣ የተሳፈሩት 306 ሰዎች በሙሉ እንደተረፉ ነገርሽኝ። ዓይንሽ እያበራ።

እሁድ ግን አፍሽን ከፈት አደረግሽ፣ አጎትሽን አየሽ፣ ከዚያ አንገትሽን ደፍተሽ ፈንድሻ ዘገንሽ።

ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም እያልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ። ጨዋ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አልጸጸትም። ግን ነገ በምትገቢበት ሥራ ይሄው ጨዋነት ሰው ይገድላል። ሊገድል ሲል አይቻለሁና ልንገርሽ።

ይሄን ለአባትሽም አልነገርኩም። አንቺ ከመወለድሽ በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሳንባ ምች ይዞት የገባ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አለ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማውም" ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙ አምፒሲሊን አዘዘ። የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። አየሁት፣ ገባኝ። ሄጄ "ዶክተር፣ ካርዱ ላይ እኮ..." አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው ያቆምኩት። "እኮ" ብዬ። ሐኪሙ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አላረፈም፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ሲስተር፣ ያዘዝኩትን ስጪ" አለ።

ሰጠሁ።

ብልቃጡን እያወዛወዝኩ ዱቄቱን በውሃ ሳሟሟ እጄ ያውቅ ነበር። ቀስ ይል ነበር። መርፌውን ጨርሼ ጥጡን ሳልጥል ሰውዬው "እህቴ፣ ከንፈሬን ምን ነካው?" አለኝ። እያበጠ ነበር። ወዲያው ድምፁ ጠፋ፣ ትንፋሹ እንደ ፉጨት ሆነ። አድሬናሊን ሰጠነው፣ ኦክስጅን አደረግንለት፣ ሐኪሙም እኔም እየተንቀጠቀጥን እስኪነጋ ከአጠገቡ አልተነሳንም። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከአራት ቀን በኋላ ልጁ ዶሮ ይዞ መጣ። አባቴን አዳንሽልኝ ብሎ ሊያመሰግነኝ። ተቀበልኩት። ያኔም ዝም አልኩ።

ፓይለት እሆናለሁ ካልሽኝ ጀምሮ ስለ በረራ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴነሪፍ ደሴት ላይ የሆነውን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ። ሁለት ቦይንግ 747 ጭጋግ ውስጥ ራንዌይ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። አንደኛው ካፒቴን በድርጅቱ ውስጥ ስመ ጥር አሠልጣኝ ነበር። የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሬዲዮውን ሰምቶ ተጠራጠረና ያኛው አውሮፕላን ከራንዌዩ አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል አለው። መሐንዲሱ አልደገመም።

የእኔ "እኮ" ናት፣ ልጄ። ያቺው ናት።

ከዚያና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ነው ታናሽ ታላቁን እንዲያርም፣ ታላቅም እንዲሰማ በኮርስ መልክ መሰጠት የጀመረው። ክሩ ሪሶርስ ማኔጅመንት እንደሚባል የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላው ዓለም እንኳን ይሄን በትምህርት ካልሆነ አልቻለውም። እኛ ደግሞ በይሉኝታ ያደግን ነን። ስለዚህ ኮርሱን ለፈተና ብቻ አታጥኚው። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ የሚያነበውን አንቺ ሦስት ጊዜ አንብቢ።

እዚያው ቴነሪፍ ላይ ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። መንደርደር ሲጀምሩ ረዳት አብራሪው በሬዲዮ "አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን" ብሎ ነበር። እሱ እየተነሳን ነው ማለቱ ይመስላል። የመቆጣጠሪያ ማማው ሰው ግን ለመነሳት ቆመው እየጠበቁ ነው ብሎ ተረዳው። እኛ ሰምና ወርቅን የምንወድ ሕዝብ ነን። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ሲመጣ እናጨበጭባለን። ነገርን በቀጥታ የሚናገር ሰው ባለጌ ይመስለናል። አንቺ የምትናገሪበት ሬዲዮ ላይ ግን ሰም የለም፣ ወርቁ ብቻ ነው። ዛሬ "ቴክኦፍ" የምትለዋ ቃል የምትነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ መሆኑን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንዲት ቃል ያን ያህል ዋጋ ተከፍሎባታል።

መጋቢት 1 ቀን 2011ን አለማንሳት አልችልም። ያን እሁድ እዚህች ሶፋ ላይ አብረን ነበርን። ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፊው ስልሽ "ፓይለቶቹ ምን አደረጉ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር፣ የበረረው 361 ሰዓት ነው። አንዲት ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠች፣ ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት እሷን አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ቁልቁል ገፋ። የምርመራው የመጀመሪያ ሪፖርት እንደሚለው አህመድኑር ያ ሥርዓት አፍንጫውን የሚገፋበትን ኤሌክትሪክ እንዲያቋርጡ "ስታብ ትሪም ከትአውት" ብሎ ተናገረ። ሁለት ጊዜ ተናገረ። ካፒቴኑም ተስማማ። ማሽኑ አሸነፋቸው። ግን ያ የ25 ዓመት ልጅ በዚያች ሰከንድ፣ ከእሱ ሃያ እጥፍ የበረረ ካፒቴን አጠገብ ተቀምጦ፣ "እኮ" ብሎ አላቆመም። ካፒቴኑም "ዝም በል" አላለውም። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። እንዲህ ዓይነት ልጆች ነበሩን።

አንድ ቀን የካፒቴን አራት መስመር ትከሻሽ ላይ ሲያርፍ የያሬድን ድርሻ አስቢ። ያኔ አጠገብሽ የሚቀመጠው ልጅ አንቺን ይፈራል። ገና ሳትነሱ "ስሳሳት ካየህ ንገረኝ" በዪው። ሲነግርሽም ፊትሽን አታጥቁሪበት። ያ ሐኪም ያን ሌሊት ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ እጨርሰው ነበር።

የመመለስንም ነገር ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ስመጣ፣ ቦሌ ልናርፍ መሬቱን ልንነካ ስንል አውሮፕላኑ እየጮኸ መልሶ ወደ ላይ ተነሳ። አጠገቤ የነበሩ እናት "እመብርሃን!" ብለው ክንዴን ያዙኝ። ዞረን በሁለተኛው በሰላም አረፍን። ስንወርድ አንዱ ሰውዬ "ማሳረፍ አያውቅም እንዴ?" እያለ ያጉረመርማል። እኔም በሆዴ ተስማምቼ ነበር። ጎአራውንድ እንደሚባል፣ ነገሩ ካላማረው ማንም ፓይለት ሊያደርገው እንደሚገባ አሁን ነው የገባኝ። ደፋርና ጢስ መውጫ አያጣም ይባላል። ይሄ ተረት ለምድር ነው። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም፣ ነዳጅ ወጣ ቢባል፣ ያጉረምርም። ያ ሰውዬ የሚያጉረመርመው በእግሩ እየሄደ ነበር።

ድካምን ደግሞ ከእኔ ስሚ፣ የሌሊት ተረኛነት ዕድሜዬን ነው የበላው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰው አእምሮ የራሱ አይደለም። የጻፍኩትን ቁጥር ሁለቴ ሳላየው የማላምነው በዚያ ሰዓት ነበር። አንቺ ደግሞ ሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ተሸክመሽ ነው የምትኖሪው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት የምለውን ስልክሽ 6:00 ይለዋል፣ ኮክፒቱ በዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት 0300 ዙሉ ይለዋል። ሰውነትሽ የትኛውን እንደሚሰማ በየቀኑ ጠይቂው። ሲያምሽ፣ ሲደክምሽ፣ ሐዘን ሲገባሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ አትግቢ። ከደመወዝ የሚቆረጥ ቢሆን እንኳን ይቆረጥ። ቤት ትመጫለሽ፣ አጥሚት እሠራልሻለሁ።

ትምህርቱ ረጅም ነው። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ትልቁ ፈቃድ ብቻ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፣ ከዚያም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ትፈተኛለሽ። እኔ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ወዲህ መርፌ አወጋጌን መጥቶ ያየ ሰው የለም። ስትፈተኚ አትማረሪ። ያን ሌሊት ከጎኔ የሚያየኝ ሰው ባገኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

አሁን ሊነጋ ነው። ዳቦ ቆሎውን በሻንጣሽ የጎን ኪስ ከትቼዋለሁ፣ ለክፍል ጓደኞችሽም ይበቃል።

የመጀመሪያ ዕረፍትሽ ሲደርስ ደውዪልኝ። አጎትሽን ቡና እጠራዋለሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ያንን የሞተር ወሬ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። አንቺ በአክብሮት "ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም" ብለሽ ጀምሪ። ቢቆጣም እስከ መጨረሻው ንገሪው።

እናትሽ