ስለ ሞርኒንግ ሴሽናችን፦ ለአስተማሪ ሐኪሞችና ለሲኒየር ሬዚደንቶች

ሰላም ለሁላችሁ፣

ባለፈው ሰኞ በሞርኒንግ ሴሽን፣ ማለትም የታካሚዎች ሁኔታ (ኬዝ) በሚቀርብበት የጠዋት ስብሰባችን፣ የሆነውን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለች ሐኪም) ሌሊቱን ሙሉ ዱቲ አድራ ኬዟን አቀረበች። የፖታሲየም ውጤቱን ስትጠየቅ ቻርቱን እያገላበጠች እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥያቄው ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰማችው ነገር ያለ አይመስለኝም። ሐኪም እንዲህ አይሠለጥንም።

አምና ስለዚሁ ጉዳይ መመሪያ ለጥፈን ምንም አልተቀየረም። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ለውጥ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ የተለመደው ነገር መላላት አለበት፤ ከዚያ ይለወጣል፣ ከዚያ ይጸናል። እኛ ሁልጊዜ የምንዘለው የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሬዚደንቶቹን እንስማ፤ ነርሶቹንም ጭምር፣ ራውንዱን (የሐኪሞቹን የታካሚ ጉብኝት) በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

የለውጥ አመራር ምሁሩ ጆን ኮተር ደግሞ ቶሎ የሚታይ ትንሽ ውጤት አስፈላጊ ነው ይላል። ለአንድ ወር፣ በውስጥ ደዌ ዋርድ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች ያስተዋወቁትን «የአንድ ደቂቃ አስተማሪ» የተባለ አጭር የማስተማሪያ ዘዴ እንሞክር። «ምን ይመስልሻል?» ብለን አቋሟን እንጠይቅ፣ ምክንያቷን እንስማ፣ አንድ ቁም ነገር እናስተምር፣ በትክክል የሠራችውን እንንገራት፣ የሳተችውን በክብር እናርም።

ሲኒየሮች፣ ሸክሙ እናንተ ላይ እንደሚበዛ አውቃለሁ። የዱቲ ፕሮግራሙን ሳናቀል ይህን መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ እሱንም አብረን እናየዋለን።

ሐሙስ እዚሁ ሐረር እንገናኝ። ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ለምትመጡት ስንል 9 ሰዓት ተኩል አድርገነዋል።