ጉዳዩ፦ ስላልተመለሰው የጥርስ ምርመራ ፈቃድ ቅጽ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ለልጆቻችሁ የጥርስ ምርመራ የፈቃድ ቅጽ ልከንላችሁ ነበር። ፈርማችሁ የመለሳችሁትን ከልብ እናመሰግናለን። ጥቂት ናችሁ። ከቀሩት ቅጾች አንዱን የወረቀት አውሮፕላን ሆኖ ግቢ ውስጥ ሲበር አይቼዋለሁ።

«ልጄን ጥርሱን አሞት አያውቅም» የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ደስ ይለናል። ነገር ግን ጥርስ መበላት ሲጀምር አያምም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይቀይራሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሽፋኑ ነርቭ ስለሌለው ልጁ ምንም አይሰማውም። መጀመሪያ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ነጭ ምልክት ነው። እዚያ ላይ ከተደረሰበት ፍሎራይድ በሚባለው ጥርስ አጠንካሪ ማዕድንና በጥሩ ጽዳት ሊመለስ ይችላል። አንዴ ከተቦረቦረ ግን ራሱን አይጠግንም። ሕመሙ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ ወጪውም ሌላ፣ ለቅሶውም ሌላ ነው።

«ትምህርት ቤት ስለ ትምህርት ቢያስብ አይሻልም?» ለምትሉም፣ እያሰብን ነው። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ የተቀመጠ ልጅ ከትምህርቱ ስንቱ እንደሚገባው መምህራኑን ጠይቁ። ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ወገን ብቻ የሚያኝኩትንም እናያቸዋለን።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚለውን ደግሞ ስንቴ ሰማሁት! አዎ፣ ይወልቃል። ግን የወተት መንጋጋ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚይዝለትም እሱ ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ አጠገቡ ያሉት ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ መጪው ጥርስም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። በዚያ ላይ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ብቅ የሚል መንጋጋ አለ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። አይደለም። ቋሚ ነው። ከጠፋ ሌላ አይበቅልም።

ከሁሉም የሚያስቸግረን ባለሙያ ዘንድ ጥርስ የማሳጠቡ ነገር ነው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ይባላል። ጥርስና ድድ መሃል የተጠራቀመ ቆሻሻ ሳይጸዳ ሲቆይ ይደነድንና ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያነሳውም፤ ባለሙያ ነው በመሣሪያ የሚያነሳው። እያደር ድዱንና ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚጎዳው፣ ጥርሱንም የሚያነቃንቀው ይኸው ተጠራቅሞ የቆየ ቆሻሻ ነው። ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ይታያል፤ ጥፋቱ ግን በእጥበቱ ይላከካል። ቤት የጠረገውን ሰው አቧራ አመጣህ እንደማለት ነው። ለነገሩ ሁሉም ልጅ ይታጠባል አላልንም። ማን እንደሚያስፈልገው፣ በስንት ጊዜውም መታየት እንዳለበት የሚወስነው ባለሙያው ነው። በየ6 ወሩ መታየት የተለመደ ነው፤ ጥርሱ ቶሎ የሚጎዳ ልጅ ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ሊቀጠር ይችላል።

«ቤት ይቦርሻል» ትሉ ይሆናል። ይቦርሽ! በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፤ አንዱ የግድ ከመተኛቱ በፊት። ቢያንስ 7 ዓመት እስኪሞላው ግን አጠገቡ ትልቅ ሰው ይቁም። «ቦርሻለሁ» ሲላችሁ እስቲ ብሩሹን ንኩት፤ ደረቅ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። ድዱ ደማ ብላችሁ ብሩሽ ያስቆማችሁም አላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው በደንብ ስላልጸዳ ነው።

«ልጄ ይፈራል» ለምትሉ፦ «ካላረፍክ ሐኪሙ ይወጋሃል» ማለቱን ለጊዜው ብንተወው ጥሩ ነው። በምርመራው ዕለት አፍ ይታያል እንጂ ጥርስ አይነቀልም። ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ከተገኘ ለወላጁ በጽሑፍ እናሳውቃለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ውሳኔ ነው።

የማትፈልጉም ብትሆኑ «አልፈቅድም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ መልሱልን። በቅርቡ ሐኪም ያየው ልጅ ካለ ይኸው በቅጹ ጀርባ ይጻፍልን። ቅጹ ለጠፋባችሁ ጽሕፈት ቤት ሌላ ቅጂ አለ። እስከ ዓርብ ድረስ እንጠብቃለን፤ ከተቻለ በልጁ ቦርሳ ሳይሆን በእጃችሁ ብታደርሱልን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህር