ስለ ጭልፊቱ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሐሙስ ማታ ደውለው ያወጉኝን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ውኃው ሲጎድል ጭቃው ላይ የሚርመሰመሱት ትንንሽ ሸርጣኖች፣ የወንዶቹ አንድ እጅ ከሌላው ገዝፎ ሲወዛወዝ ሰው የሚጠራ እንደሚመስል፣ ጎህ ሳይቀድ ብስክሌትዎን ይዘው እስከ ጨው ኩሬዎቹ መሄድዎን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ትንሿ ሸርጣኑን ሥላ ትልቁን እጁን ቀይ ቀባችውና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። «ለአያቴ ንገሪልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ነገርኩዎት።

ትልቁ ደግሞ ስለሚሰደዱ ወፎች ጽፎ እንዲያመጣ ከትምህርት ቤት ታዞ ነበር። ረጅም ምንቃራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰደዱ ትል የሚፈልጉት ወፎች ከሩቅ አገር እንደሚመጡ እርስዎ ነግረውት ስለነበር ሌላ ነገር አልመረጠም። ጎድዊት ከሚባሉት ወፎች አንዱ በ2022 ከአላስካ ተነሥቶ ታዝማኒያ እስኪደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በሯል። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ! ይህ ሁሉ የታወቀው ጀርባው ላይ በታሰረች ትንሽ የሳተላይት መሣሪያ ነው። ልጁን የገረመው ግን ርቀቱ አልነበረም። ወፉ ገና የ5 ወር ጫጩት ነበር። ትልልቆቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ የዚያን ዓመት ልጆች መንገዱን አይተውት ሳያውቁ ኋላ ይነሣሉ። «አባቱ ሳያሳየው እንዴት አወቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ። ያን ሌሊት ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ።

አባባ፣ ውኃ ይጠጣሉ? «አልጠማኝም» እንዳይሉኝ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውኃ እየፈለገ አፍ ዝም ይላል። የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ ያለዎትንም ይቀንሰዋል። ሳይጠማዎት ይጠጡ። የባሕሩ ነፋስም እንዳያታልልዎት። ረፋዱ ላይ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ቀዝቃዛው ከባሕር በኩል ይገባል። ፊትዎን ሲዳብስዎት ፀሐይዋ የበረደች ይመስላል እንጂ እየጠበሰችዎት ነው። ከ4 ሰዓት በፊት ቤትዎ ይግቡ። ሄልሜቱ ቢሞቅም ያድርጉት። ጨዋማው አየር ብረት ይበላል፤ ከባሕር ዳር በተመለሱ ቁጥር ብስክሌቱን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁት፣ ካቴናውን ዘይት ይቀቡት፣ ፍሬኑንም ይፈትሹ።

ይህን ሁሉ የምደረድረው ልጽፈው ከተቀመጥኩበት ነገር ለመሸሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጎረቤትዎ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። እባክዎ አይቀየሟቸው፤ አስበውልዎት ነው። ከጨው ኩሬዎቹ አጠገብ፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ብስክሌትዎን አጋድመው መሬት ላይ ተቀምጠው እንዳገኙዎት ነገሩኝ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጠርሙስዎ ባዶ ነበር። «ወደ ቤት የሚወስደው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋቸው አሉ። ያን መንገድ 6 ዓመት ሙሉ በየማለዳው የሄዱበት ነው፣ አባባ። ማታ ደውዬ ስጠይቅዎት «ፍላሚንጎዎቹን ልይ ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አሉኝ። ከዚያም ሲፈለፈሉ ግራጫ እንደሆኑ፣ ሮዝ የሚያደርጋቸው የሚበሉት አልጌና ጥቃቅን ሽሪምፕ እንደሆነ ያወሩኝ ጀመር። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ጥያቄዬን ግን አልመለሱልኝም።

ስለ ጭልፊቱም እንዲሁ ነው። ዓሣ አዳኙ ጭልፊት አንዱን የውጭ ጣቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሁለቱን ጣቶች ከፊት ሁለቱን ከኋላ አድርጎ ዓሣውን እንደሚይዝ፣ ከውኃው ሲነሣም የዓሣውን ራስ ወደ ፊት አቅንቶ ነፋሱን እየሰነጠቀ እንደሚበር የነገሩኝ በወሩ መጀመሪያ ነበር፤ ደስ ብሎኝ አዳመጥኩ። በሳምንቱ እንደ አዲስ ነገሩኝ፤ ዝም ብዬ ሰማሁ። ሐሙስ ማታ «አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። ቃላቱ ያው ነበሩ፤ የሳቁበትም ቦታ ያው ነበር። «ነግረውኛል» ማለት አቃተኝ። «እውነት?» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልጆቹ ራት እያሉ ሲጠሩኝ መብራቱን አጥፍቼ በጨለማ ቆየሁ።

ለምን ወዲያው እንዳልነገርኩዎት ልንገርዎት። አንጀቴ ስላልቻለ ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜም ይሁን አሥር ጊዜ፣ ተቀምጠው አንድ ነገር ሲያጫውቱኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። በልጅነቴ ይህን አላገኘሁትም።

ሰማያዊዋን ብስክሌት ያስታውሷታል? 9 ዓመቴ ነበር። «እሑድ አስተምርሻለሁ» አሉኝ። እሑድ ሲመጣ ለሚቀጥለው እሑድ ተባለ። ሥራ ነበር፤ ሁልጊዜ ሥራ ነበር። በዚያ ሥራ በላን፣ ለበስን፣ ተማርን፤ ውለታዎን አንድም ቀን ክጄ አላውቅም፣ አሁንም አመሰግናለሁ። በአራተኛው እሑድ ግን እማዬ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ሸብ አደረገችና ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ሮጠች። ያኔም ጉልበቷን ያማት ነበር። ማታ ሲገቡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩዎትና «ቻልኩ!» አልኩዎት። «ጎማው ጭቃ ነው፤ ወደ ቤት እንዳታስገቢው» ብለውኝ አለፉ። ጉልበቴ ደምቶ ነበር። አላዩትም።

ባለፈው ጊዜ ትንሿን በስልክ «ነይልኝ፣ ብስክሌት አስተምርሻለሁ» ሲሏት ሰምቼ ከክፍሉ ወጣሁ። በልጄ ቀናሁ። እናት በልጇ እንደማትቀና አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀናሁ።

አሁን የሚደውልልኝ ሰው ያ አባት አይመስለኝም። ውኃው ከመሙላቱ በፊት ሸርጣን ጉድጓዱን በጭቃ ሲደፍን ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ማንግሮቭ የሚባሉት የባሕር ዳር ዛፎች ሥሮቻቸውን እንደ ጣት ሽቅብ አውጥተው እንደሚተነፍሱ ለማየት ተንበርክኮ ሱሪውን የሚያጨቀይ ሰው። ጭቃ የማያስቆጣው ሰው። ይህን ሰው ያገኘሁት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ገና ማወቅ ስጀምር ሊወሰድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

የፈራሁትን ነገር ስሙን አልጽፈውም። ሐኪም ሳያየው ስም መስጠት ደግ አይደለም። መርሳት ሁሉ አንድ አይደለምና። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያስረሳል፤ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ያስረሳል፤ አንዳንድ መድኃኒት፣ የውኃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ። ሐዘንም ያስረሳል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ስንት ሌሊት ቁጭ ብለው እንዳነጉ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ሌላ ነገር ቢሆን እንኳ ቀድመን ብናውቀው ምን እንደሚሻልዎት እርስዎ ራስዎ ይነግሩናል፤ እኛ አንወስንብዎትም።

ብስክሌቱን ይተዉ አልልም። እህቴ «ይሸጥ» ትላለች፤ በዚህ ነገር ተኳርፈን ሰንብተናል። እኔ ከዚያ መንገድ ቢለዩ ይብስብዎታል ባይ ነኝ። ነገር ግን እስክመጣ ድረስ ወደ ጨው ኩሬዎቹ ብቻዎን አይሂዱ። ጎረቤትዎ በጠዋት አብረዋቸው ቢሄዱ ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። ስልክዎን አይርሱ፤ አድራሻዎንና የእኔን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ። ከአሸዋው ማዶም አይሻገሩ። ውኃው የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ የነበረው ዛሬ ደረቅ ላይሆን ይችላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ደግሞ ከሌላው ቀን ከፍ ብሎ ይመጣል። በልብዎ አይያዙት፤ ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉት።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሳምንት እመጣለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይቆያሉ። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። አይቆጡኝ፤ ቀጠሮውን ይዤልዎታለሁ። በማግስቱ በጠዋት ተነሥተን ጭልፊቱን ያሳዩኛል። አራተኛ ጊዜ ይንገሩኝ።

የእማዬ ብስክሌት አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች ናት ብለውኝ ነበር። ጎማዋን ይንፉልኝ። ኮርቻዋን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ እማዬ ከእኔ ትረዝም ነበር። ብስክሌት ላይ ከተቀመጥኩ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ከኋላ ይይዙኛል።

ልጅዎ