ኤሌክትሪካል ምህንድስና ፈልገው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚገቡ፦ ዕቅዱ ከሒሳቡ ይጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ምክር እዚህ አሜሪካ ባለው ማኅበረሰባችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል። ለብዙ የትምህርት ዘርፎች ይሠራል። ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ግን የሚሠራው በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ አንድን መውሰድ ለሚችል ተማሪ ነው። ይህን በጊዜ የሚነግራቸው አጥተው ዓመት የሚባክንባቸው ልጆች ስላሉ፣ የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ለአንባቢዎቻችሁ ቢደርስ ብዬ ጽፌያለሁ።

ነገሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፊዚክስ አንድ ካልኩለስ አንድን ይጠይቃል፤ ኤሌክትሪክና ማግኔት የሚሰጥበት ፊዚክስ ሁለት ደግሞ ካልኩለስ ሁለትን። የኤሌክትሪክ ዑደት ትንተና የሚሰጥበት የሰርኪት ኮርስ በአብዛኛው ፊዚክስ ሁለትንና ከካልኩለስ ቀጥሎ የሚመጣውን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ቀድሞ ወይም አብሮ መውሰድን ይፈልጋል። እንግዲህ በሒሳብ ምደባ ፈተና ከካልኩለስ በፊት ባለው ፕሪካልኩለስ ላይ የተመደበ ልጅ በጣቱ ይቁጠር። በፎል ፕሪካልኩለስ፣ በስፕሪንግ ካልኩለስ አንድ፣ በሁለተኛው ዓመት ፎል ካልኩለስ ሁለትና ፊዚክስ አንድ፣ በስፕሪንግ ካልኩለስ ሦስትና ፊዚክስ ሁለት። ሁለት ዓመቱ አለቀ፤ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ሰርኪት ገና አልተነኩም። ሰርኪት ሳይዝ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ ኤሌክትሮኒክስም ሆነ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ በሰርኪት ላይ የቆሙ ስለሆኑ ሊመዘገብባቸው አይችልም። በየዩኒቨርሲቲው ከእነዚህ ኮርሶች በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ አሉ፤ ያኔ የአንድ ኮርስ ጉድለት ሙሉ ዓመት ያስከፍላል።

መፍትሔው ሰመር ላይ ነው። ከመጀመሪያው ፎል በፊት ባለው ሰመር ፕሪካልኩለስን የጨረሰ ልጅ ሰዓቱን ያዘ ማለት ነው። የምደባ ፈተናውም ተዘጋጅተው የሚገቡበት እንጂ እንደ ደረሰ የሚፈተኑት አይደለም። አሌክስ የተባለውን ፈተና በሚጠቀሙ ኮሌጆች ለካልኩለስ አንድ የሚጠየቀው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 75 አካባቢ ነው። ፈተናው የመለማመጃ ክፍል አለው፤ ተለማምዶ እንደገና መፈተን ይቻላል። ሁለት ሳምንት ትሪጎኖሜትሪና ሎጋሪዝም መከለስ አንድ ሴሚስተር ሊያተርፍ ይችላል።

ቀጥሎ የኮርስ ቁጥር። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፣ ኖቫን (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) ጨምሮ፣ ለምህንድስና የሚፈለገው ካልኩለስ ኤምቲኤች 263 ነው፤ 261 ለሌሎች ዘርፎች የተዘጋጀ ነው። ፊዚክስም እንዲሁ፦ 241 በካልኩለስ የሚሰጥ ሲሆን 201 በአልጀብራ ነው። ሁለቱም ክሬዲት አላቸው፣ ሁለቱም ይከፈልባቸዋል፣ የምህንድስና ክፍሉ የሚቀበለው ግን አንዱን ነው። ሰዓቱ ለሥራ ስለተመቸ ብቻ የተመረጠ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያጠምዳል።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው የአሶሺየት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ዓይነትም እንደዚሁ ይታይ። የኤሌክትሮኒክስ ቴክኖሎጂ «አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» ቶሎ ሥራ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ኮርሱ ግን ወደ ምህንድስና ባችለር አይሻገርም። ለማሻገር የሚሆነው «አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ» ነው። ሜሪላንድ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ «አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ኢን ኢንጂነሪንግ» የሚባል ዲግሪ አላት፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ይሰጠዋል። የሚታለመው የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራምም የትምህርት ፕሮግራሞችን መዝኖ ዕውቅና በሚሰጠው «አቤት» (ABET) በተባለ ድርጅት የምህንድስና ኮሚሽን የታወቀ መሆኑ ይረጋገጥ። በኋላ የባለሙያ ኢንጂነር ፈቃድ ለማውጣት ልዩነት ያመጣል።

ዩኒቨርሲቲውን መምረጥ ለመጨረሻው ሴሚስተር የሚተው ሥራ አይደለም። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይያዙና የሁለቱ የኮርስ ዝርዝር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ሜሪላንድ ያለ አርትሲስ በሚባለው፣ ካሊፎርኒያ ያለ አሲስት በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ማየት ይችላል። በቨርጂኒያ የቅበላ ዋስትና ስምምነቶች አሉ፤ የተጠየቀውን ያሟላ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው እንደሚቀበለው ያረጋግጣሉ። እነዚህን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው አማካይ ውጤትና ለምህንድስና ክፍሉ የሚጠየቀው ሊለያዩ ይችላሉ። ከሲ በታች የተገኘ ውጤት ደግሞ በአብዛኛው አይሻገርም።

ሰርኪትን ያለ ላብራቶሪ መውሰድ ሌላው ወጥመድ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ላብራቶሪውን ለይተው ይጠይቃሉ። ላብራቶሪውም ሊናቅ አይገባም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተማሪው የሙከራ ሲግናል የሚያመነጨውን ፈንክሽን ጀነሬተር 1 ቮልት ላይ ያደርጋል፤ ቮልቴጁን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ 2 ቮልት ያሳየዋል፤ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይቀይራል፤ አዲሱም 2 ይላል። መሣሪያው ደህና ነው። ጀነሬተሩ የሚያስበው 50 ኦም ጭነት እንደተያያዘበት ነው፤ ግማሹ በራሱ ውስጣዊ 50 ኦም ላይ እንደሚወድቅ ቆጥሮ እጥፉን ያመነጫል፤ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ግን 1 ሜጋኦም ስለሆነ በውስጣዊው 50 ኦም ላይ የሚወድቅ ቮልቴጅ የለም ማለት ይቻላል። በጀነሬተሩ ላይ የጭነቱን ምርጫ «ሃይ ዚ» (ከፍተኛ ኢምፒዳንስ) ላይ ማድረግ ይበቃል። የቮልቴጅ ክፍፍልን በወረቀት ብቻ ያወቀና በእጁ ያገኘው ሰው የሚለያዩት እዚህ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ይህ ልዩነት ይታያል።

ስለ ገንዘብ። የፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ፣ በዕድሜ ልክ ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች አይበልጥም፤ ለ2025-26 የዓመቱ ከፍተኛ መጠን 7,395 ዶላር ነው። በፔል የተከፈለበት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከኮርስ በደብልዩ (ማቋረጥን በሚያሳይ ምልክት) መውጣት ውጤት አያበላሽም፤ ነገር ግን ተሞክሮ ያልተጠናቀቀ ክሬዲት ሆኖ ስለሚያዝ፣ ከሞከሩት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማጠናቀቅ የሚለውን የእርዳታ ደንብ ሊያስጥስ ይችላል። አገር ቤት ባችለር ዲግሪ ያገኘ ሰው ደግሞ ፔል አይፈቀድለትም። ዲግሪው በተቀራራቢ ሙያ ከሆነ፣ ከሥር ከመጀመር ይልቅ ማስተርስ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አገር ቤት ጀምረው ያቋረጡም ትራንስክሪፕታቸውን ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ። ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ ሰነዱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ ስለሚፈልጉ ወራት ሊወስድ ይችላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የተቀበለውን ክሬዲት የሚሄዱበት ዩኒቨርሲቲ እንደገና ስለሚመረምረው፣ ግምገማው ለሁለቱም ይላክ። የየኮርሱ ሲላበስም (የኮርሱ ይዘት መግለጫ) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጥ፤ ክሬዲት ሲከለከል አቤቱታ የሚቀርበው በእሱ ነው።

በመጨረሻ የሚያከራክር አንድ ነጥብ። ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን የመሳሰሉ የጠቅላላ ዕውቀት ኮርሶችን ሁሉ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሶ መሄድ ክፍያው ስለሚቀንስ ይመከራል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለው የቅበላ ስምምነት ሙሉ አሶሺየት ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ይጨረስ። ካልጠየቀ ግን ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ማስተረፍ ይሻላል። ከተሻገሩ በኋላ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት መያዝ ግድ ነው፤ የቀረ ቀላል ኮርስ ከሌለ አሥራ ሁለቱም ኤሌክትሮማግኔቲክስ፣ ኤሌክትሮኒክስና ሲግናልስ በአንድ ሴሚስተር ይሆናሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምህንድስና ተማሪዎች አማካሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ