«ወፌ ቆመች» የምንልበት ክፍል ጣሪያ የለውም

የሰፈራችን ሰዎች፣ የሁለቱ እድር አባላት፣ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ የድሬ ልጆች፤ ይህን የምጽፈው በኮሚቴው ጸሐፊነቴ ነው። ብር ስንጠይቃችሁ ይህ ሦስተኛችን ነው። እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኛም ደክሞናል። ግን ዝም ብንል ዕድገታቸው የዘገየ ልጆቻችን የሚለማመዱበት ክፍል እንደወደቀ ይቀራል።

ሚያዝያ ውስጥ ያ ነፋስ የመጣ ሌሊት ብዙዎቻችሁ ከአልጋችሁ ተነስታችኋል። ጠዋት ስንወጣ የልጆች ክፍላችን ጣሪያ ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ከነፋሱ ኋላ የመጣው ዝናብ ፍራሾቹን አራሰ፣ ኮርኒሱን ጣለ፣ ልጅ በስንት ወሩ ምን እንደሚችል የሚያሳየውን፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የወራት ሰንጠረዥ ልጦ አወረደው። እንዳለ የቆመው ብረቱ ብቻ ነው። ልጆቹ ይዘውት መቆም የሚለማመዱበት፣ ከውሃ ቧንቧ የተበየደው ሰማያዊ ብረት። ቀለሙ የተላጠው ትንንሽ እጆች በሚይዙት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እኔ ያለቀስኩት እሱን ሳይ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኘው ኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንጀምራለን። 4 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ልጆቹ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ እናቶቹ ተነስተው ይሄዳሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ ሳንቲም ሳትቀበል የምትመጣ ልጅ ናት። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ሕፃን አቧራ ላይ በተነጠፈ ጆንያ ላይ ስታለማምደው አየኋት። ከዚህ በላይ ምን እንጠይቃታለን?

ክፍሉ ምን ይሠራ እንደነበር ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት 2 ዓመት ከ3 ወር የሆነውን ልጇን ይዛ መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወትውታት ነው እንጂ በራሷ አልነበረም። «አቦ፣ ልጄ ምንም የለበትም፤ እልኸኛ ነው እንጂ» አለችን። ሲጠሩት አይዞርም። አንድም ቃል የለውም። የወንድ ልጅ አፍ ይዘገያል፣ አባቱም አፉን የፈታው በ4 ዓመቱ ነው ብለው አማቷ ነግረዋታል። ልጁ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ የጠርሙስ ክዳን ይደረድራል። ከኮሚቴያችን አንዱ፣ ጡረታ የወጡት የምድር ባቡር ሰው፣ ከኋላው ቆሙና የብረት ትሪ በማንኪያ መቱ። ሁላችንም ደነገጥን። ልጁ ክዳኑን መደርደሩን ቀጠለ። እናቱ ምንም አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ትሪ መምታት ምርመራ አይደለም። ጆሮ የሚለካው በባለሙያ ነው። ግን ያ ድምፅ ያችን እናት ከተቀመጠችበት አስነስቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ልጁ በ8 ወሩ ማጅራት ገትር ታሞ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ግን በዚያው ሄዷል። እስከዚያ ቀን ድረስ እልኸኛ እየተባለ ይቆጡት ነበር፤ ይመቱትም ነበር። ዛሬ በምልክት ቋንቋ ውሃ ይጠይቃል። እናቱም ተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎቹ እናቶች ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።

ብሩን የምንጠይቀው ለቆርቆሮ ብቻ አይደለም። «ጊዜው ሲደርስ ይናገራል፣ ይሄዳል» እያልን የምናሳልፈው ጊዜ ነው ልጆቻችንን የሚጎዳቸው። የልጅ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደሚያድገው ያህል በኋላ አያድግም። ቶሎ የተደረሰለት ልጅ ብዙ ያገኛል።

ከግድግዳው የወረደው ሰንጠረዥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተጻፈ ነበር። እንደገና እስኪታተም ዋና ዋናውን እዚህ ልበል። ሕፃን 2 ወር ገደማ ሲሆነው ሲያጫውቱት ፈገግ ይላል። በ4 ወሩ አንገቱ ይጠናል። 9 ወር ሲሞላው ሳይደገፍ ይቀመጣል፣ ስሙን ሲሰማ ይዞራል፣ «ባባባ»፣ «ማማማ» ይላል። ዓመት ሲሆነው እጁን አወዛውዞ ቻው ይላል። በ18 ወሩ ይራመዳል። ደግሞም ያስገረመውን ነገር በጣቱ ያሳያል። ባጃጅ ሲያልፍ ወደ ባጃጁ ጠቁሞ «አየሽልኝ?» በሚል ዓይን ወደ እናቱ ይዞራል። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይላትም፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው እሷን ነው። 2 ዓመት ሲሞላው «ውሃ ስጪ» እንደማለት ሁለት ቃል ያጋጥማል።

ልጅ ሁሉ እኩል አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ያለ ድጋፍ መራመድ ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ሊሆን እንደሚችል ያየው ከዚያ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ የ14 ወር ልጃችሁን አትጨነቁበት። 18 ወር አልፎት ካልሄደ ግን ይታይ። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የመጣበትን ወር ቀንሱለት። 2 ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ የ9 ወር ሲሆን እንደ 7 ወር ነው የሚታየው፤ እስከ 2 ዓመቱ እንዲህ ይቆጠራል። ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀመውን «ግራኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የነበረውን ቃል ወይም እንቅስቃሴ ያጣ ልጅ ግን በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀጠሮ አይሰጠውም። በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

እናቶች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁን «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ነው። ምንም አላጠፋሽም። ምጥ ረዝሞ ልጁ ሲታፈን፣ ገና እንደተወለደ ክፉኛ ቢጫ ሲሆን፣ ማጅራት ገትር ሲይዘው፣ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ሲወጣ እንዲህ ያለ መዘግየት ሊመጣ ይችላል። የምንኖረው ወባ ባለበት ከተማ ነው። ምክንያቱ የማይታወቅም ብዙ አለ። ጸበሉንም ውሰዱት፣ ዱዓውንም አስደርጉለት። ምርመራውን ግን ለነገ አትበሉ። ልጅን ቤት ውስጥ መደበቅ ይቅር።

አሁን ወደ ብሩ። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚል ሰው አለ። መጠየቁ መብቱ ነው፤ መልሱም ይኸው። መጀመሪያ የሰበሰብነው 214,000 ብር ነው። ክፍሉን ለማደስ 96,000 ወጣ። ለፍራሽ፣ ለመስታወት፣ ለብረቱና ለመቀመጫዎቹ 61,500። ብየዳውን የሠራው የሰፈራችን ልጅ የብረቱን ዋጋ እንጂ የእጁን አልተቀበለም። «መስታወት ለምን?» ተብሏል። ጎባጣ የሚቀመጥ ልጅ ራሱን ሲያይ ነው ቀና የሚለው። ለሁለት ቬንትሌተር 9,000፣ ለኅትመት 6,100።

ብዙ የተወራው የባጃጁ 38,400 ብር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለ8 እናቶች ለእያንዳንዳቸው ደርሶ መልስ 50 ብር፣ በወር አራት ቅዳሜ፣ ለ24 ወር። የማይሄድ የ4 ዓመት ልጅ በጀርባ አዝሎ በድሬ ፀሐይ መምጣት ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። የባጃጁ ብር ባይኖር ግማሾቹ በሁለተኛው ወር ይቀሩ ነበር። ነገም ብር ሲገኝ ይህንኑ እናደርጋለን። የቀረው 3,000 ብር ሒሳቡ ውስጥ አለ፤ ደረሰኞቹም በሣጥን አሉ።

ያጠፋነው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም አንሸሽግም። ብር ሲያጥረን ቀጭኑን፣ ባለ 35 ጌጁን ቆርቆሮ ገዛን። ሞራሌውንም አራርቀን መታን። ነፋሱ ያነሳው ለዚህ ነው። አሁን ወፍራሙን፣ ባለ 28 ጌጁን ነው የምንገዛው። ሞራሌው ይጠጋጋል፣ ግድግዳው ላይም በብረት ይታሰራል። ከነኮርኒሱና ከነፍራሹ 340,000 ብር ይፈጃል። እስካሁን የገባው 127,500 ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የገባው 1,200 ብቻ ነው፤ ያስፈራንም ይኸው ነው። የጎደለን 212,500 ብር ነው። የሁለቱ እድር አባላት 850 አባወራ ነን። ለአንድ አባወራ 250 ብር ማለት ነው።

ይኸው ሰኔ ገብቷል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አለ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ ያየን ሰዎች ነን። ያኔ ጭቃ ስናወጣ ቤቱ የማን ነው፣ የምን ሃይማኖት ነው ብለን አልጠየቅንም። አስራት የምታወጡም፣ ሰደቃ የምታወጡም፣ ከዚያው ላይ ለእነዚህ ልጆች አስቡላቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ ነው አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት። አንዲት እናት ያን ያህል ከቻለች፣ 850 አባወራ አንድ ጣሪያ ማልበስ አያቅተውም። ለሐምሌ 19 ቁሉቢ የምትመጡም ድሬን ስታልፉ ጎራ በሉ። እግዚአብሔር ካለ ጣሪያው ለብሶ ታዩታላችሁ።

አከፋፈሉን ልብ በሉልኝ። ሒሳቡ የተከፈተው በእድሩ ስም ነው። ብር የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የባንኩም የቴሌብሩም ቁጥር የእድሩ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱ እድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በምክንያቱ ቦታ ላይ «የልጆች ክፍል» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከቀብር መዋጮው ጋር ይቀላቀልብናል። ከዚህ በፊት በራሱ ስልክ ሲሰበስብ የተገኘ ሰው ስላለ፣ ማኅተም የሌለው ቁጥር ማንም ቢልክላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ አትላኩ። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ውጭ ያላችሁ እዚህ ባለው ዘመዳችሁ በኩል አድርጉት፤ እሱም ወረቀቱን አይቶ ይላክ።

ደግሜ ልበል፦ የእድሩ ስም፣ ማኅተም ያለበት ቁጥር፣ ምክንያቱ «የልጆች ክፍል»፣ 250 ብር። ያልቻለ 50ም ያስገባ። ሞራሌ ወይም ሚስማር ያለው እሱኑ ያምጣ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ኒሙ ሥር ነን። ልጁ ያሳሰበው ሰውም ብር ባይኖረውም ይምጣ።